የኮምፒውተር ላብ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? የጎንደር ግቢ ልጆችና አስተማሪዎች ኑ እስኪ

ቀለም_ቀንድ
እንዴት ናችሁ ጎበዝ። ሰሞኑን በምሰራበት ግቢ (ስሙን አልጠራም፣ እናንተም የየራሳችሁን አትጥሩ፣ ጎንደር ነው ይበቃል) አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ካሉን ላቦች ትልቁን አንስተን ሶኬትና ዋይፋይ ያለው የንባብ ክፍል እናድርገው የሚል ሀሳብ መጣ። ምክንያታቸው ተማሪው አሁን ላፕቶፕ ይዟል፣ ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ቁጭ ነው የሚል ነው። አንዱ እንደውም ውጭ ሀገር ዘግተውታል እኮ ብሎ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን ጠቀሰ። እውነቱን ነው፣ እነሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት የነበሩትን ላቦች ቀስ በቀስ እንደሚያስቀሩ አሳውቀው ነበር። ለምን የሚለውን ግን ማንም አላነሳም። ዶርም ከገቡት ከ3 ሺህ በላይ ፍሬሽ ተማሪዎች ውስጥ ኮምፒውተር የሌላቸው 4 ብቻ ሆነው ስለተገኙ ነው። አራት! እኔ የማስተምረው ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ የሌለውን እጅ አውጣ ብል የወጣውን እጅ ቆጥሬ አልጨርስም።

የኔ አቋም ላቡ አይዘጋ ነው፣ ግን እንዳለም አይቀጥል፣ ምክንያቱም አሁንም ቢሆን ዝግ ነው እኮ። ለኤግዚት (ለተመራቂዎች መውጫ) ፈተና ሲደርስ የሚከፈት ክፍል ሆኗል። ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናገረውን እያሰባሰብኩ ስለሆነ እስኪ ሀሳባችሁን ወዲህ በሉ፣ በተለይ ላብ ቴክኒሻን የሆነ ሰው ካለ እንዳያልፈኝ።

ዘ_ፒያሳ
ይዘጋ። ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የጨረስኩት፣ ከላብ ይዤ የወጣሁት እውቀት ቢኖር ሾርትከት ቫይረስ ከፍላሽ ማጥፋት ነው። ማሽኑ ተከፍቶ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ከዛ ኪቦርዱ ላይ ኤስ የምትባለው ፊደል አትሰራም፣ ከዛ ሶስት ሰው ለአንድ ማሽን፣ ማውሱን የያዘው ብቻ ይማራል ሌላው ያያል። ዛሬ ልጁ ስልኩ ላይ ኮላብ (በብራውዘር ኮድ የሚጻፍበት የጉግል ገጽ) ከፍቶ ፓይተን ይጽፋል፣ ጉግል ጂፒዩ (ለከባድ ስሌት የሚሆን ፕሮሰሰር) ሳይቀር በነጻ ይሰጠዋል። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለውን ኮርስ እንኳን ስንቱ በስልኩ ነው የጨረሰው። ክፍሉን ለንባብ ያድርጉትና ኔቱን ያፍጥኑት፣ አለቀ።

የደምቢያ_ልጅ
@ዘ_ፒያሳ አንተ ፒያሳ ተወልደህ ነዋ ወንድምዓለም። እኔ ማውስ በእጄ የነካሁት ግቢ ገብቼ ነው። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለውን የፍሬሽ ኮርስ ስንማር ስለ ክላውድ ስለ አይኦቲ ስለ ብሎክቼይን ስላይድ ይነበብልናል፣ እኔ ደግሞ ፋይል ሴቭ ሲደረግ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። የከተማ ልጆች ሲስቁ ላለማየት ላብ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠብቄ ነበር የምገባው። ፓወር ግዕዝ ላይ አማርኛ መጻፍ፣ ዎርድ ላይ ማውጫ ማውጣት፣ ኤክሴል፣ ሁሉንም እዛች ክፍል ጥግ ላይ ነው የለመድኩት፣ ያስተማረኝም አስተማሪ አይደለም አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። ስልክ ላይ ይሄንን ልማር ብትል አትችልም፣ ስልክ ለማየት ነው ጽሁፍ ለመስራት አይመችም።

ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ከበለሳ ከአርማጭሆ የመጣ ልጅ ጥያቄውን እያወቀ በማውስ ምክንያት ሰዓት እንዳያልቅበት መፍራት አለበት? ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ እንኳን የሚለማመድበት ካጣ የት ሊለምድ ነው።

ቁልፍ_ያዢ
ቴክኒሻን ካለ ስላላችሁ ነው የመጣሁት። እኔ ላብ ላይ ነው የምሰራው፣ ለምን ይዘጋል ብላችሁ ሁልጊዜ የምትሰድቡን እኛን ስለሆነ እስኪ ከኛ በኩል ያለውን ስሙ።

አንደኛ ንብረቱ በኔ ስም ነው። ሞዴል (የንብረት መረከቢያ ቅጽ) ፈርሜ ነው የተረከብኩት፣ ማውሱ ኪቦርዱ ራሙ ሳይቀር። ራም ይሰረቃል፣ አዎ ይሰረቃል፣ ኬዙን ከፍተው አውጥተው ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ፣ አንድ ሰው አርባ ማሽን እያየ ከኋላ ያለውን እንዴት ይጠብቃል። ሲጎድል የሚጠየቀው ተማሪው አይደለም እኔ ነኝ፣ ከደሞዜ ይቆረጣል። ታዲያ አንተ ብትሆን ትከፍታለህ? በራፉ ተዘግቶ ሲውል የሚቀጣኝ የለም፣ ተከፍቶ አንድ ነገር ሲጠፋ ግን እቀጣለሁ።

ሁለተኛ ሰዓቱ። እኔ 11፡30 እወጣለሁ፣ ተማሪው ክላስ የሚጨርሰው 11 ሰዓት ነው። በነዛ ሰላሳ ደቂቃ ምን ሊሰራ ነው።

ሶስተኛ ኤግዚት። ከ2015 ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ በኮምፒውተር ይፈተናል፣ 50 ያላመጣ ዲግሪ የለውም፣ ስለዚህ ፈተናው ላይ አንድ ማሽን እንኳን ቢበላሽ የሰው ህይወት ነው። ፈተናው ከመድረሱ በፊት ብራውዘሩን የሚቆልፈው ሶፍትዌር ይጫናል፣ ኔትዎርኩ ይፈተሻል፣ ከዛ ማንም እንዳይነካ ይባላል። የተመራቂው ሲያልቅ የድጋሚው ይመጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል። ስለዚህ ላቡ ይዘጋል አይዘጋም እያላችሁ አትጨቃጨቁ፣ አይዘጋም፣ የትም ግቢ አይዘጋም፣ ፈተና አዳራሽ ነው የሚሆነው። እኔ የማየው ወደዛ ሲሄድ ነው።

ቀለም_ቀንድ
@ቁልፍ_ያዢ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ነበር የፈለግኩት። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ማሽን እርጅና ሲያወራ ስለ ሞዴሉ ያነሳ አንድም አልነበረም።

ኤፒ_ሰው
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከጤናው ዘርፍ ነኝ፣ ፐብሊክ ሄልዝ ላይ አስተምራለሁ። ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር መሰረቱ ተማሪው ወደ ህብረተሰቡ ወርዶ እንዲማር ነው፣ ቲቲፒ (በቡድን ሆኖ ወደ ህብረተሰቡ የሚወጣበት ስልጠና) የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ድሮ መጠይቁ በወረቀት ነበር፣ አሁን በስልክ ኮቦ በሚባል የመጠይቅ መተግበሪያ ላይ ይሰበሰባል፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን ከመስክ ሲመለስ ዳታው ይጸዳል፣ ይተነተናል፣ ይሄኔ ስልክ ዋጋ የለውም። ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ፣ አር፣ ኢፒ ኢንፎ የሚባሉት የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌሮች የግድ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ።

አንድ ሰው የማያነሳው ነገር ልጨምር። የሰው የጤና መረጃ ነው የምንይዘው። ዳባት ላይ ለምሳሌ ለረጅም ዓመት የህዝብና የጤና ክትትል ይሰራል፣ እንዲህ አይነት ቦታ የሚሰበሰብ መረጃ ማለት ቤት በቤት የተጠየቀ ነው፣ ማን ወለደች ማን ሞተ በምን ሞተ። ይሄንን ተማሪው ከቴሌግራም ያወረደው ክራክ (ያለ ፈቃድ የተሰበረ) ስታታ ባለበት፣ ቫይረስ በተሞላ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ካፌ ይዞት ይዞራል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ዳታው ከማይወጣበት ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰራበት ክፍል ያስፈልገናል፣ እሱ ክፍል ደግሞ ላብ ነው ሌላ ስም የለውም። ላፕቶፕ ሁሉም ተማሪ ቢኖረው እንኳን ይሄ ክርክር አይወድቅም።

ዘ_ፒያሳ
@ኤፒ_ሰው ዶክተር (ዶክተር ከሆኑ) አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ላብ ኮምፒውተር ላይ ክራክ የለም ነው የሚሉኝ? 😂

ኤፒ_ሰው
የለም አላልኩም። እንዳይኖር ማድረግ የሚቻለው ግን አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ በየዶርሙ አይቻልም። አር ነጻ ነው፣ ጃሞቪም ነጻ ነው፣ ኤስፒኤስኤስ ለለመደ ሰው ሁለት ቀን አይፈጅበትም፣ ኢፒ ኢንፎም ነጻ ነው። ዶክተር አይደለሁም ገና ነኝ።

ኔትዎርክ_ነኝ
ረጅም ነው ታገሱኝ። ከማሽኑ ልጀምር። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነጻ ድጋፉ አልቋል፣ ይሄ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት አይደለም፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ማስተካከያ አይመጣም ማለት ነው። ወደ 11 እናሳድግ እንዳትሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ነው የሚቀበለው፣ ብዙ ላብ ውስጥ ያለው 4ኛ 6ኛ ምናምን ነው። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት የተራዘመ ድጋፍ በአንድ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሶስተኛው 4 ብሏል፣ ርካሽ ነው፣ ግን እሱ ህጋዊ ዊንዶውስ ላለው ነው፣ የኛ ዊንዶውስ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማሽኑን ከመጣል ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ መክተት፣ ራሙን 8 ጊጋ ማድረግ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ነጻውን ሊኑክስ ሚንት መጫን። ያ ዘ_ፒያሳ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ ያለው ማሽን በሰከንዶች ይነሳል። ፍሪዝ የሚያደርግ ሶፍትዌር ከተጫነበት ደግሞ ሪስታርት ሲደረግ ወደነበረበት ይመለሳል፣ የሾርትከት ቫይረስ ታሪክም እዛው ያበቃል።

መብራት። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ይብላ ብንል 40 ማሽን 4 ኪሎ ዋት ነው፣ ይሄን በባትሪ መያዝ ከባድ ነው። ቲን ክላየንት የሚባለው፣ ስራውን ሰርቨር የሚሰራለት ትንሽ ሳጥን ግን 10 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ ሞኒተሩን 20 አድርጉት፣ 40ው ተደምሮ 1.2 ኪሎ ዋት፣ ሰርቨሩን ብትጨምሩበት እንኳን ኢንቨርተርና ባትሪ ይሸከመዋል። ችግሩ ሰርቨሩ ሲወድቅ አርባውም አብሮ ይወድቃል፣ ቪዲዮና ጂአይኤስ (የካርታ ስራ) ላይም ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ ለሁሉም ነገር መድሃኒት ነው አልልም።

ኮላብ ላላችሁት። ኮላብ ያለ ኢንተርኔት ባዶ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ የት ነበራችሁ? ያኔ ክላውድ የሚባል ነገር ለኛ አልነበረም። ግን ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ጁፒተርሃብን (እንደ ኮላብ ኮድ የሚጻፍበት) ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ደህና ሰርቨር ላይ ጫነው፣ ለአር የሚሆነውን አር ስቱዲዮ ሰርቨርን አጠገቡ፣ ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ኪዊክስ ላይ ደግሞ ዊኪፒዲያን ከነስዕሉ መቶ ጊጋ አካባቢ ነው ጫነው። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ከዶርሙ በደካማ ላፕቶፕም በስልክም ይገባል፣ ውጪው ኢንተርኔት ቢቋረጥ እሱ አይመለከተውም፣ ስሌቱን የሚሰራው ሰርቨሩ ነው። ላብ ማለት ለኔ ወደፊት ይሄ ነው፣ ግማሹ ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ሰርቨር ላይ።

ዘ_ፒያሳ
አሪፍ ህልም ነው። ማን ነው የሚጠብቀው? ስንት ሰርቨር በፕሮጀክት ገንዘብ መጥቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰው ለማስተርስ ወጥቶ ቀረ። እኔ ላብ ጠልቼ አይደለም፣ የሚንከባከበው ሰው የሌለውን ነገር አትቁጠሩት ነው የምለው።

ኔትዎርክ_ነኝ
@ዘ_ፒያሳ ልክ ነህ እዚህ ጋ። ፓስወርድ ይዞ የወጣ ሰው ደውለን ለምነን የተቀበልንበት ጊዜ አለ። ጽፎ ማስቀመጥና ሁለት ሰው ማሰልጠን ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

እትዬ_ፎቶኮፒ
ልጆቼ እኔ ግቢ በር ላይ ጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ ይሄን ገጽ ልጄ ነው ያሳየችኝ። ላቡ ቢዘጋ ለኔ ገበያ ነው፣ ግን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ ተመራቂ ሲበዛ ሌሊት ድረስ ተሰልፈው በገጽ እየከፈሉ ነው የሚያስተይቡኝ፣ እርማት ተሰጥቷቸው ሲመጡ እንደገና ይከፍላሉ፣ አንዳንዱ ልጅ ምሳውን ትቶ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ዱቤ የሰጠሁት ብዙ ነው። በዛ ላይ ሪሰርቹን እኔ ነኝ የምተይበው፣ ቁጥር ብሳሳት ማን ያውቃል፣ እኔ ስለ ወባ መድሃኒት ምን አውቃለሁ።

ቀለም_ቀንድ
😂😂 እትዬ ይሄን ስብሰባው ላይ እንዳለ ነው የማነበው።

ጂአይኤስ_ነኝ
እኔ ደግሞ ከሴት ተማሪ አንጻር ልጨምር፣ ማንም አላነሳውም። ማታ ከግቢ ወጥቶ ኢንተርኔት ቤት መቀመጥ ለናንተ ቀላል ነው ለኛ አይደለም። ከመሸ ባጃጅ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። ላቡ እስከ ማታ 4 ሰዓት ቢከፈት ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ሴቷ ናት፣ ከዶርም አምስት ደቂቃ ነው።

የኔ ቴሲስ እምቦጭ (ጣናን የወረረው አረም) ላይ ነው፣ በደምቢያ በኩል ያለው የጣና ዳር ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተስፋፋበት በሳተላይት ምስል። ሴንቲኔል ከሚባለው ሳተላይት አንድ ምስል ብቻውን ወደ አንድ ጊጋ ሊጠጋ ይችላል፣ እኔ ደግሞ የብዙ ወራት ያስፈልገኛል። ላፕቶፕ አለኝ፣ አለኝ ማለት ከተባለ፣ 4 ጊጋ ራም። የካርታ ሶፍትዌሩ አርክጂአይኤስ ፕሮ ትንሹ የሚጠይቀው 8 ነው፣ የድሮውን አርክማፕ ደግሞ ካምፓኒው ራሱ በ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድጋፉን ያቆመለት ነው፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ስራ የሚሰራው ኪውጂአይኤስ ላይ ገባሁ፣ ነጻ ነው ቀላል ነው ግን የኔ ማሽን እሱንም ክላሲፊኬሽን (ምስሉ ላይ እምቦጩን ከሌላው መለየት) ላይ ሲደርስ ያንቃል። እና ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ተብዬ የምቆጠረው እኔ ነኝ። ሰርቬይ ስትሞሉ ላፕቶፕ አለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ምን አይነት ላፕቶፕ ነው በሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ ሲያልፍ፣ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ አባቴን ሌላ ግዛልኝ ልለው አልችልም።

የደምቢያ_ልጅ
እምቦጭ ላይ ከሆነ የኛ ቀበሌ ነው እህትዓለም፣ ሰው ዘምቶ በእጁ ሲነቅለው ነው የኖረው። ካርታውን ስትጨርሺ አሳይን።

ኮድ_አስተማሪ
ባጭሩ፣ እኔ ፕሮግራሚንግ ነው የማስተምረው። አሳይመንት ስሰጥ ሁሉም ከቻት ጂፒቲ የወጣ ነው፣ ልጁን ይሄ ሉፕ ምን ይሰራል ስትለው ያፈጥብሃል። አልፈርድበትም እኔም እጠቀማለሁ። ግን ራሱ መጻፍ መቻሉን የማይበት ቦታ እፈልጋለሁ፣ ኢንተርኔቱ የተዘጋ፣ ሁሉም አንድ አይነት ማሽን ላይ፣ ሁለት ሰዓት። የራሱ ላፕቶፕ ላይ ይሄን ማድረግ አልችልም። ከአምስት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ከዘ_ፒያሳ ጋር ነበር የምቆመው፣ ላቡ ያስፈለገኝ ኤአይ ከመጣ በኋላ ነው።

ዘ_ፒያሳ
እሽ፣ ስሙኝ። ጂአይኤስ ላይ፣ ዳታው ላይ፣ ፈተናው ላይ የተባለው ገብቶኛል። ግን እነዚህ ሁሉ ልዩ ስራ ያለባቸው ክፍሎች ናቸው፣ አርባ ተራ ማሽን ተደርድሮ ዎርድ የሚተየብበት ያ ትልቁ አዳራሽ አሁንም ለምን እንደሚኖር አልታየኝም። ትንሽና ጠንካራ ይሁን፣ አስር ደህና ማሽን ከአርባ ሬሳ ይሻላል።

የደምቢያ_ልጅ
ዎርድ የሚተየብበት ለኔ ነው የሚኖረው ብዬሃለሁ። አስሩ ደህና ማሽን ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የሚያውቅበት ልጅ ነው፣ ጀማሪው ወረፋ አይደርሰውም፣ አፍሮም ይቀራል። ሁለቱም ይኑሩ።

ቀለም_ቀንድ
@ቁልፍ_ያዢ ወሳኙ አንተ ጋ ያለው ነው። ቁልፉ ምን ቢደረግ ይከፈታል? አንተ ብትጠየቅ ምን ትላለህ?

ቁልፍ_ያዢ
አንደኛ የፈተናውን ላብና የተማሪውን ላብ ለዩ። ፈተና የሚሰጥበት ይቆለፍ፣ ችግር የለም፣ ሌላው ግን ፈተና መጣ ተብሎ አይነካ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ፈተናው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ንብረቱ በአንድ ሰው ስም መሆኑ ይቅር። ኬዙ በቁልፍ ይታሰር፣ ኬብል ይደረግለት፣ ካሜራ በሩ ላይ ይገጠም፣ የገባ ተማሪ በመታወቂያ ይመዝገብና ማሽን ቁጥሩ ይጻፍ። እንዲህ ሆኖ የሚጠፋ ነገር ካለ በጋራ ይታይ እንጂ ቀጥታ ወደ ደሞዜ አትምጡ። ከዛ ሶስተኛና አራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪዎችን ማታ ማታ በተራ አስቀምጡ፣ ትንሽ ኪስ ገንዘብ ይሰጣቸው፣ ሲቪያቸውም ላይ ይጽፉታል። ጀማሪውንም እነሱ ያሳዩታል፣ የደምቢያው ልጅ እንዳለው አጠገቡ ያለ ልጅ ነው ያስተማረው።

መለዋወጫ ደግሞ አለ። ማውስ ተበላሽቶ በግዢ ሂደት እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል። አስር ማውስና አምስት ኪቦርድ መጠባበቂያ ስቶር ውስጥ ሳይሆን እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ይቺ ብቻ ብትሆን ከተበላሹት ግማሹ ይነሳል።

ኔትዎርክ_ነኝ
የመጨረሻዋ ላይ አጨበጭባለሁ። ሞተ የሚባለው ማሽን ብዙው የሞተው በራም ቆሻሻና በፓወር ሰፕላይ ነው። ላጲስ ወስዳችሁ የራሙን ጥርስ ጥረጉና እዩ።

ኤፒ_ሰው
@ቀለም_ቀንድ ስብሰባው ላይ ስትናገር ላፕቶፕ አላቸው የሚለውን ጂአይኤስ_ነኝ እንዳለችው ጠይቅ። አለው ወይስ የለውም ሳይሆን ራሙ ስንት ነው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል፣ የራሱ ነው ወይስ ከዶርም ጓደኛው ጋር የሚጋራው። አንድ ገጽ መጠይቅ ነው፣ ኮቦ ላይ እኔ ሰርቼ ልልክልህ እችላለሁ። ሳይለካ አይዘጋ በል።

ቀለም_ቀንድ
ላክልኝ። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ከፍሬሽና ከተመራቂ አንዳንድ ሴክሽን አስሞላለሁ። ከማሽኑ በፊት የንብረት አያያዙን ነው የማስቀድመው፣ ፋይናንስና ንብረት ክፍል እንዲጠሩም ጠይቄያለሁ፣ እነሱ ከሌሉ እኛው ለኛው አውርተን እንበተናለን። @ቁልፍ_ያዢ እስከ ማታ 4 ይከፈት ብዬ ብናገር አንተ ትከፍታለህ አይደል?

ቁልፍ_ያዢ
ትርፍ ሰዓት ከተከፈለኝ እከፍታለሁ፣ በነጻ ከሆነ ግን እስከ 11፡30 ነኝ፣ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ቀለም_ቀንድ
ትርፍ ሰዓቱንም ጻፍኩት።

ጂአይኤስ_ነኝ
@ኔትዎርክ_ነኝ እስከዛ ግን 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ለሁለት ሳምንት የሚያውሰኝ ሰው ካለ በውስጥ መስመር አገናኘኝ፣ ምስሎቹን በኤክስተርናል ይዣለሁ፣ ኢንተርኔት አልፈልግም።

ኔትዎርክ_ነኝ
ሀሙስ ከሰዓት ወርክሾፓችን ነይ፣ አንድ አለ፣ ሞኒተር ብቻ የለውም፣ ሞኒተር ግን ከቁልፍ_ያዢ እንለምናለን።

ቁልፍ_ያዢ
በፊርማ።